እጅ ያልነሳሁበት እሑድ

ባለፈው ሰሞን አንድ የወጣቶች ቴአትር ክበብ ለአባላቱ ምክር እንድሰጥ ጋብዞኝ ነበር። ርዕሱን በወረቀት ልከውልኛል፤ «አርቲስት ራሱን እንዴት ያስተዋውቃል?» ይላል። አነበብኩና መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ ንዴቱ ተከተለ። ስለ ትወና ላውራችሁ ብላቸው፣ «እሱን እንደርስበታለን፣ አሁን የምንፈልገው ሰው እንዴት እንደሚያውቀን ነው» አሉኝ። አልሄድኩም። ሰው እንዴት እንደሚያውቀኝ እኔም አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ። አስተማሪዬ ፎቶ አንሺ ነበር። ያ ትምህርት ምን እንዳስከፈለኝ ለማላውቃቸው ልጆች አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ከምናገር እዚህ ብጽፈው ይሻለኛል።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። የምኖረው ነፋስ ስልክ ከእናቴ ጋር ሲሆን የምሠራው እዚያው ሰፈር ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ የሞላ ጆንያ አፍ እሰፋለሁ። ከሥራ በኋላና እሑድ እሑድ ደግሞ ተዋናይ ነኝ። ክበባችን ስምንት ሰዎች ነበሩት። የምንለማመደውም የምናሳየውም በቀበሌው አዳራሽ ነው። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ፣ ክረምት ላይ የምንሠራው ቴአትር፣ የፍቅሩም ጭምር፣ በጩኸት ነበር። የሰፈሩ ሰው መድረክ ላይ ብቅ ስል «ያ የዱቄቱ ልጅ መጣ» እያለ ይስቅልኝ ነበር። ከልቡ ይስቅልኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሳቅ እንደ ንቀት እቆጥረው ነበር፤ ሞኝነቴ ከዚህ ይጀምራል።

ለመድረኩ መጋረጃ አራት አንሶላ አንድ ላይ የሰፋችልን አንዲት ልጅ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። አንሶላዎቹን ልሰጣት ሄጄ፣ ላመጣቸው ሄጄ፣ ከዚያ ደግሞ ያለ አንሶላ መሄድ ጀመርኩ። ልንጋባ ተስማማን። የቀረን እንደ ወጉ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። አባቷ ግንበኛ ነበሩ፤ ያኔ አዲስ ቤት የሚሠራበት ለቡ ውለው ነው የሚገቡት። ቁጥብ ሰው ናቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኔን ወደውታል፤ ቴአትሩን «የልጅነት ነገር ነው፣ ይተወዋል» ብለው አልፈውት ነበር አሉ። ብተወው ይሻለኝ ነበር።

ሞኝነቴን አይቶ የገዛኝ ፎቶ አንሺው ነው። ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር ይባላል፤ እሱ ግን «ኪነቱን የመራሁት እኔ ነኝ» ይላል። በጋ ከክረምት ጥቁር መነጽር አያወልቅም። ፎቶ ሲያነሳ እንኳ ግንባሩ ላይ ይሰቅለውና እንደጨረሰ መልሶ ዓይኑ ላይ ያወርደዋል። አንድ እሑድ ትርኢታችንን አይቶ መጋረጃ ጀርባ መጣና እጄን ይዞ «አንተ ልጅ፣ ችሎታው አለህ፤ የጎደለህ አያያዝ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማናጀሬ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ማናጀር ያለው ባንክ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማናጀሬ ሕግ አያልቅበትም። አርቲስት መንገድ ላይ ቆሎ አይቆረጥምም። አርቲስት ቀድሞ ሰላም አይልም፣ ሰላም ሲሉትም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ አይጫወትም፤ ላቡ የታየ ሰው ምስጢር የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አርቲስት በአንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት። «ሁሉን የሚችል ሰው ማንም አይፈልገውም፤ ሲያዩህ አንድ ነገር ትዝ ሊላቸው ይገባል» ይለኛል። እንዲህ የሚለኝ ሰውዬ እኮ በሩ ላይ «ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ፣ የሙሽራ መኪና ኪራይ፣ ማመልከቻ እንጽፋለን» ብሎ ያስጻፈ ነው። እኔም ታዛዥ ተማሪ ነበርኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ የሚያውቁኝን ሴትዮ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋቸዋለሁ። እናቴ «ልጅሽን ምን አደረግነው?» ስትባል «ፋብሪካው አድክሞት ነው» እያለች ትሸፍንልኝ ነበር።

የምታወቅበት አንድ ነገር ብዙ ሳይቆይ መጣ። በዚያ ጊዜ ኤድስ በየቤቱ ሰው ይጨርስ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው ግን አልነበረም። በየለቅሶው «ሳንባ ነው»፣ «ጉበት ነው» ይባላል። አንድ እርዳታ ድርጅት ስለ በሽታው የሚያስተምር ቴአትር እንድንሠራ ጠየቀን። ድርሰቱን ራሳችን ጻፍነው፤ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ታሞ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ የሚያሳይ ነው። ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። ጥሩ ተጫውቼዋለሁ፤ ይህን በትሕትና የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ፣ ብርጭቆ ውሃ እንዴት እንደሚከብደው፣ ትናንት የጠበበው ሸሚዝ ዛሬ ሲሰፋበት አንገትጌውን እንዴት ሰብሰብ እንደሚያደርግ፣ ይህን ሁሉ ለማግኘት ብዙ ደክሜያለሁ። በዚያ ድካም አላፍርም። የማፍረው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ በሠራሁት ነው።

ማናጀሬ ቴአትሩን ባየ ማግስት ፎቶ ቤቱ ወሰደኝ። ጋቢ አከናነበኝ፣ መብራቱን ከበታች አደረገና ጉንጬ የገባ እንዲመስል አነሳኝ። አልበቃው ብሎ ፎቶውን በእርሳስ ነካ ነካ አድርጎ ይበልጥ አጎደጎደው። የሙሽሮችን ጉንጭ ሲያሳምር የኖረ እርሳስ ነበር። ከዚያ አሳድጎ አጠበውና መንገደኛ በሚያየው መስታወት ውስጥ፣ በአንዲት ሙሽራና ካባ በለበሰ ተመራቂ መካከል ሰቀለው። ከሥሩ «እሑድ መጥታችሁ እዩት» ብሎ የአዳራሹን ስም ጻፈ። ስለ ቴአትር አንድ ቃል የለም።

«ቴአትር መሆኑን ለምን አንጽፍም?» አልኩት።

«ፋራነትህ እዚህ ላይ ነው» አለኝ። «ካወቁት ምን ሊያዩ ይመጣሉ?»

ቀጥሎ እጅ መንሳቱን ከለከለኝ። ቴአትሩ የሚያልቀው ሾፌሩ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሲሞት ነው። መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት ሰባቱ ተሰልፈው እጅ ይነሳሉ፤ እኔ የለሁም። የሞተ ሰው ተነስቶ ፈገግ ሲል ሕዝቡ ያዝንበታል፣ እጅ መንሳት የፋራ ነው ብሎ ማናጀሬ አሳምኖኛል። እኔ በጓሮ በር፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ፣ እጅ ነስተው በተመለሱ ሁለት የክበቡ ልጆች ተደግፌ እየሳልኩ እወጣና እሱ ያቆመው ላዳ ታክሲ ውስጥ እገባለሁ። ታክሲው ዞር ብሎ ቤቴ ደጃፍ ያወርደኛል። በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ አዳራሹ ሞላ። በአራተኛው ሰው በመስኮት ተንጠላጥሎ አየ። ስለ ቴአትሩ የሚያወራ ግን አልነበረም። በዚያው ሰሞን በሽታው እንዳለባቸው በአደባባይ የሚናገሩ አንድ ሁለት ደፋር ሰዎች ብቅ ብለው ነበርና፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ ተባለ። «የራሱን ሕይወት ነው እኮ የሚሠራው» እያለ ወሬው ከአፍ አፍ ዞረ። ማናጀሬን ሲጠይቁት መነጽሩን ያስተካክልና «እኔ ምንም አልልም» ይላል። ያን «ምንም አልልም» የሚልበት አነጋገር «አዎ» ከማለት የባሰ ነበር።

እኔስ? ልቤ አበጠ። ሰው እስከዚህ ካመነኝ እኔን የሚያክል ተዋናይ አገሪቱ አላየችም ብዬ ራሴን ሾምኩ። ምሳዬን እየተውኩ ሰውነቴን አከሳሁ። ፋብሪካው ውስጥ የሥራ ጓደኞቼ የውሃ መጠጫ ጣሳዬን ከእነሱ ጣሳ ለይተው ለብቻው መስኮት ላይ አስቀመጡልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆድ ይብሰው ነበር። እኔ ሮጬ ለማናጀሬ ነገርኩት፣ እሱም «በርታ» ብሎ ጨበጠኝ።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የፋብሪካው በር ላይ አንድ መካኒክ ጠበቀኝ። እዚያው ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው፤ ከሩቅ ሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። አብሮኝ ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ እንዴት ቻልከው?» አለኝ። «እኔ ካወቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለማንም አልተነፈስኩም። አንተ ግን በአደባባይ ወጣህ። መጀመሪያ ለማን ነው የነገርከው?»

ቆም ብዬ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ያየኸው ቴአትር ነው ማለት ነበረብኝ። ቀላል ነበር። ግን ሰውየው በዓይኑ እንባ ሞልቶ የሚያየኝ እንደ ወንድሙ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን እንባ እንደ ጭብጨባ ቆጠርኩት። የሾፌሩን ድምፅ አወጣሁና «ለእናቴ» አልኩት። «እናት ትችላለች።» ድርሰቱ ውስጥ ያለ ቃል ነበር። ሰውየው ትከሻዬን አቅፎኝ ሄደ። ያን ምሽት እናቴ ቤት እራቴን በደንብ በላሁ።

በዚሁ መካከል ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት የተከበሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የእናቴ የንስሐ አባት ነበሩ። የልጅቷ አባት አክብረው ተቀብለዋቸው «እንጠያይቅና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንገናኝ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ወጉ ነው። በሌላ ጊዜ የሚጠየቀው ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ ዘመዶቹ እነማን ናቸው የሚለው ነበር። አሁን ግን የጠየቁት ሰው ሁሉ እጁን ወደ ፎቶ ቤቱ መስታወት ዘረጋ።

ልጅቷ ስፌት ቤቷ ደጃፍ ጠብቃ ያዘችኝ። የልቧን የምትናገር፣ ዙሪያ የማትሄድ ልጅ ነበረች።

«አባዬ እንቅልፍ አጥተዋል» አለችኝ። «ቴአትር ነው እላቸዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ሌላ ይላቸዋል። ማንን ይመኑ?»

«አንቺን ይመኑ።»

«እኔማ የምወድህ ነኝ፤ የእኔ ቃል ምን ይሠራል? እሑድ አዳራሹ ድረስ አመጣቸዋለሁ። በዓይናቸው ይዩህ። መጨረሻ ላይ ጋቢውን አውልቀህ፣ እንደ ሌሎቹ ወጥተህ እጅ ንሳ። ሌላ ምንም አትናገር፤ ሲያዩህ ይገባቸዋል።»

«እወጣለሁ» አልኳት።

«ማልልኝ።»

ማልኩላት። እሷም ሳቀችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የሳቀችው ነገሩ ያለቀ መስሏት ነው። ለእኔም መስሎኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት አልዋሸኋትም።

እሑድ ደረሰ። ሊጀመር አንድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ማናጀሬ መጋረጃ ጀርባ እየሮጠ መጣ። መነጽሩ እጁ ላይ ነው፤ ዓይኑን ያለ መነጽር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ሁለት ሰዎች ሊያዩኝ መጥተዋል። አዲስ ተዋናይ ሊቀጥሩ ነው። ቋሚ ሥራ፣ በትልቅ መድረክ ላይ፣ ስሜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። ዛሬ እጅ መንሳት እንዳለብኝ፣ የማገባት ልጅ አባት ሦስተኛው ወንበር ላይ እንዳሉ ነገርኩት።

«አማትህ ነገም አሉ» አለኝ። «እነዚህ ሰዎች ግን የመጡት ይህን ሰው ሊያዩ ነው። ጋቢህን አውልቀህ ስትገለፍጥ ካዩህ እንደማንኛውም የቀበሌ ተዋናይ ነህ። ምስጢሩ ካለ ግን እነሱ ራሳቸው ይከተሉሃል። ምርጫው የራስህ ነው፣ እኔ ምንም አልልም።»

ያን ቀን ከምንጊዜውም አብልጬ ተጫወትኩ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ የሚሰማው ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ብቻ ነበር። አባቷ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ጭነውበት ያዩኛል። እሷ አጠገባቸው ናት፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ሞትኩ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ጭብጨባው ተነሳ። ጓደኞቼ ሊሰለፉ ወጡ። እኔ ተነስቼ ወደ መድረኩ ጎን ገባሁና ጋቢዬን እስከ ወገቤ አወለቅኩት። መጋረጃው ተከፈተ። ከእኔ እስከ መድረኩ አራት እርምጃ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ሰግጋ ስትፈልገኝ በመጋረጃው ዳር አየኋት። አየኋት፤ አላየሁም አልልም። ከዚያ ጋቢዬን መልሼ ተከናነብኩ።

ማንም አልያዘኝም። ማናጀሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር። ብዙ ዓመት «እሱ ነው ያበላሸኝ» እያልኩ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ ውሸት ነው። እሱ ተራ ወሬኛ ነበር፤ አራቱን እርምጃ ያልሄድኩት እኔ ነኝ።

በጓሮ በር ወጣሁ። ሁለቱ ልጆች ደግፈውኛል፣ እስላለሁ። ማናጀሬ የቴአትር ቤቱን ሰዎች ቀድሞ በጎን አምጥቶ ታክሲው አጠገብ አቁሟቸዋል። እነሱ ሲያዩኝ ይበልጥ ጎበጥኩ። ወደ ታክሲው ልደርስ ስል የአዳራሹን ጥግ ዞረው አንድ ሰው ፈጠን እያሉ መጡ። አባቷ ነበሩ። መድረክ ላይ ስታጣኝ ከኋላ ልትፈልገኝ ይዛቸው መጥታለች መሰለኝ፣ እሷም ከኋላቸው አለች። ሰውየው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሲሚንቶ በሰነጣጠቀው እጃቸው የታክሲውን በር ከፈቱልኝና ጭንቅላቴን እንዳልመታ በሌላው እጃቸው ከላይ ከለሉልኝ።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየኋቸው። የቴአትር ቤቱ ሰዎች ሁለት እርምጃ ላይ ናቸው። በሾፌሩ ድምፅ፣ በዚያች በምታምር ደካማ ድምፅ፣ «አሜን» አልኳቸው።

በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ልጅቷን አየኋት። አላለቀሰችም፤ ሰው የማያውቀውን ሰው በሚያይበት ዓይን አየችኝና አባቷን በክንዳቸው ይዛ ዞረች። ታክሲው ተነሳ።

የቴአትር ቤቱ ሰዎች ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ማናጀሬ ቤቴ መጣ፤ ፊቱ በኩራት ያበራል። «እንዲህ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም ብለዋል» አለኝ። «መቼ ልጀምር?» አልኩት። «አይ፣ መቅጠሩን አይቀጥሩህም። በዚህ ሕመሙ የምሽት ትርኢት እንዴት ይችላል፣ ለልጁም እናዝናለን አሉ። አየህ ምን ያህል እንዳመኑህ!» ቴአትር መሆኑን አልነገርካቸውም ወይ ብዬ ጮህኩበት። ተገረመ። እሱ ምንም አላለም ነበር።

በማግስቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ሄድኩና ደሜን ሰጠሁ። ውጤቱን ለመቀበል የጠበቅኳቸው ቀናት ለእኔ አልከበዱኝም፤ የማውቀውን ነገር በወረቀት ሊሰጡኝ ነው። አጠገቤ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ወረቀታቸውን ሲጠብቁ ምን ያህል ዝም እንደሚሉ አየሁ። እንደዚያ ያለውን ዝምታ መድረክ ላይ አንድም ቀን አልሠራሁትም። ወረቀቱ ከበሽታው ነፃ መሆኔን ይናገራል። በኪሴ ይዤ ስዞር ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ። ፋብሪካው ውስጥ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፤ ጣሳዬ ግን ከመስኮቱ አልተነሳም። መካኒኩን ጋራዡ ደጃፍ አገኘሁት፤ ዕቃውን በከረጢት ይዞ እየወጣ ነበር። ለእናቱ ነግሯቸው፣ እናቱ ደንግጠው ለጎረቤት አልቅሰው፣ ወሬው ጋራዡ ደርሶ ሥራውን አስለቅቆታል። ወሬዬን ሰምቶ ስለነበር ወረቀቱን ላሳየው አላስፈለገም። «እንኳን ማረህ» አለኝ ቀስ ብሎ። የዘረጋሁትን እጅ ሳይጨብጠኝ አለፈ። ክረምቱን አልዘለቀም። ለቅሶው ላይ መድረስ ነበረብኝ፤ ፊት አጣሁ።

ልጅቷ ዘንድ ስሄድ ቀና ሳትል የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። ወረቀቱን ከጨርቁ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ገፋ አደረገችውና «ቀጠሮ ያለህ ከአባዬ ጋር ነው» አለችኝ። ሽማግሌዎቼ ደግሞ ሁለተኛ አንሄድም አሉ፤ የንስሐ አባታችን «ያስዋሸኸን ይበቃናል» አሉኝ። ሰው ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ለቡ ድረስ ብቻዬን ሄድኩ።

አባቷ ወገብ የደረሰ ግድግዳ እየገነቡ ነበር። ሲያዩኝ ሥራቸውን አቁመው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ቀስ ብለው፣ ከላይ እስከ ማኅተሙ አነበቡት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ደህና ነህ።»

«ደህና ነኝ፣ አባባ። መጀመሪያውንም ደህና ነበርኩ። ቴአትር ነው፤ እሷም ታውቃለች።»

«አምኛለሁ» አሉኝ። ወረቀቱን በጥንቃቄ በነበረበት እጥፋት አጠፉት። «ያን ቀን እውነት የታመምክ መስሎኝ ነበር። መቼም ልጄን ለበሽተኛ አልድርም፤ ግን ሰው ነህ፣ ቤቴ ገብቼ ስምህን እየጠራሁ ጸለይኩልህ። ሳምንቱን ሙሉ። ታመህ ቢሆን እስከ መጨረሻው እጠይቅህ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ዓይኔን እያየህ ነው አሜን ያልከኝ። ነገ ቤት ውስጥ ልጄን ደህና ነኝ ስትላት፣ አመመኝ ስትላት፣ እወድሻለሁ ስትላት፣ የትኛውን ትመን? እዚያ መጋረጃ የለም። ቴአትሩ መቼ እንዳለቀ በምን ታውቃለች?»

በየትኛው ድምፄ ልመልስላቸው? የተቦካው ሲሚንቶ እየደረቀባቸው ስለነበር ወረቀቱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ራሳቸው ከተቱልኝ፣ ደረቴን መታ መታ አደረጉኝና «በል ሂድ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳው ዘንድ ተመልሰው ድንጋይ አነሱ።